የአገር ጥናት ማዕከል በምን ይመዘን?

ስለ አገር ጥናት ወሬ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ብዙ ሳይቆይ ወደ አንድ ጥያቄ ይወርዳል፦ ማዕከሉ የማን ነው? ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አንዱ ወገን የፈረንጅና የቤተ መንግሥት እጅ ሥራ ነው ብሎ ያጣጥለዋል። ሌላው ወገን ደግሞ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙትን የባህልና የታሪክ ጥናት ማዕከላት የአካባቢ ፖለቲካ ቅጥያ አድርጎ ያያቸዋል። ሁለቱም ባለቤቱን ካወቁ ይዘቱን ማየት የሚያስፈልጋቸው አይመስላቸውም። አንዲት ገጽ ሳይገልጡ መፍረድ ይቻላል ማለት ነው፤ የጥያቄው ምቾትም እዚያ ላይ ነው።

ይህ ሐተታ በሌላ ሚዛን ይመዝናል። የአንድን ምድር፣ የነዋሪዎቹንና የታሪካቸውን ጉዳይ የሚያጠና ማዕከል ዋጋው የሚታወቀው ባስቀመጠው ማስረጃ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ የማዕከሉን ድምዳሜ የማይቀበል ሰው ያንኑ ማስረጃ ገብቶ መፈተሽ በመቻሉ። በዚህ ሚዛን ስድስት ኪሎ ተቺዎቹ ከሚሉት በላይ፣ አወዳሾቹ ከሚሉት በታች ሆኖ ይገኛል። የክልል ማዕከላቱም መኖራቸው ተገቢ ነው። ስጋቱ አለ፤ ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት አቅጣጫ አይመጣም።

ታሪክ የተፈጸመበት ቤት

ተቋሙና ሙዚየሙ ያሉበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ራሱ ሊነበብ የሚችል ሰነድ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ ጭምር፣ የተረሸኑትም እዚህ ነው። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን አስረክበው በስማቸው የተጠራው ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ጣሊያን ያቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ ዛሬም አለ። እያንዳንዱ እርከን ከሙሶሊኒ ሥልጣን አያያዝ ጀምሮ አንድ የፋሺስት ዓመት እንዲቆጥር ተብሎ የተሠራ ነው። ከድል በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አገሪቱ ከሠራቻቸው የታሪክ አያያዝ ሥራዎች መካከል እንዲህ ያለ ብልሃት ያለው ብዙ አይገኝም፦ የጠላት ምስክርነት እንዳለ ቀርቶ መልሱ በላዩ ሰፈረ።

የተቋሙ ጅምር ግን ከዚህ ቤት ይቀድማል። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረው። መጻሕፍቱን እያሰባሰበ ጎን ለጎን መስቀሎችን፣ ሥዕሎችንና የቤት ዕቃዎችን ይለቅም ጀመር። በዚያው ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች የብሔረሰብ ጥናት ማኅበር መሥርተው በየትውልድ ቀዬአቸው ያለውን የሠርግ፣ የልቅሶና የእርሻ ሥርዓት እየጻፉ በራሳቸው መጽሔት ያወጡ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋሙ በይፋ ሲቆም ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር ሆኖ፣ ሆይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ይዞ፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም በዚያው ዓመት ሲጀመር፣ መሠረቱን ቀድመው የጣሉት የኮሌጁ ተማሪዎችም ነበሩ።

ፈረንጅ ያቆመው ነው?

የመጀመሪያው ትችት ግማሽ እውነት አለው። የኢትዮጵያ ጥናት እንደ ሙያ የተወለደው አውሮፓ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ ካገኛቸው ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ የጻፋቸው መጻሕፍት ለረዥም ዘመን የመስኩ መነሻ ሆነው ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1959 የተጀመረው ሮም ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ማንቸስተር ተደረገ፤ አዲስ አበባ ተራ የደረሳት እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ፓንክረስት ራሱ የእንግሊዛዊቷ የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ፣ የለንደን ተወላጅ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ሲነገር አይሰማም። አባ ጎርጎርዮስ መረጃ አቀባይ ብቻ አልነበሩም፤ መምህር ነበሩ። ፓንክረስት በተቋሙ ሥር ያሰባሰበው ሰነድ ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይና ባሕሩ ዘውዴ የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን ለሠሩበት ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ሆነ፤ ባሕሩ ኋላ ላይ ተቋሙን በዳይሬክተርነት መርተዋል። ፈረንጅ የመሠረተው ቤት በፈረንጅ ድምዳሜ ይታሰራል የሚለው ግምት የሚጸናው ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር የመሥራቹ አስተያየት ብቻ ቢሆን ነው። ያለው ግን ብራና፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ጋዜጣና ደብዳቤ ነው። ፓንክረስትን ለመሞገት የተነሣ ሰው መነሻውን እዚያው መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል።

ስለ ቅርስ ሲታሰብም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተጫኑት ብራናዎች ለንደን ገቡ፤ ዋናቸውን ማየት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ቪዛ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሌላ መንገድ ሄደ። በሜኒሶታው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ዘጠኝ ሺሕ ያህል የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ብራናዎች ፎቶ ተነሡ፤ ዋናዎቹ ለባለቤቶቻቸው ቀርተው ቅጂው ለምርምር ቀረበ። የብዙዎቹን ዝርዝር መግለጫ በመጻፍ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ገንዘቡ አሜሪካዊ፣ ሊቁ የሸንኮራ ሰው፣ ብራናው የየደብሩ። እንዲህ ያለውን ሥራ «የማን ነው?» ብሎ መፈረጅ ምን ይጠቅማል?

ወደ ሰሜን ማዘንበሉ

ሁለተኛው ትችት የበለጠ ይከብዳል፤ ተገቢም ነው። መስኩ ለረዥም ጊዜ ያተኮረው በግዕዝ ጽሑፍ፣ በአክሱም፣ በላሊበላና በጎንደር ነበር። ምክንያቱ ክፋት ብቻ አይደለም። የታሪክ ምሁር የሚሄደው ሰነድ ወዳለበት ነው፤ ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ያስጽፉ ነበር፣ ገዳማቱ የርስት ውል በወንጌላቸው ኅዳግ ላይ ይመዘግቡ ነበር። የቦረና አባ ገዳ የጻፈው ነገር የለም፤ የገዳውን ዘመን የሚቆጥረው በቃል ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፦ የጻፈው ታሪክ ያለው፣ ያልጻፈው ባህል ብቻ ያለው ሆኖ ቀረበ። አንዱን ወደ ታሪክ ክፍል፣ ሌላውን ወደ ሙዚየም መላክ ፍትሕ የጎደለው አከፋፈል ነበር።

ይህን መዛነፍ ማቃናት የጀመረው ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ብዙዎችን ያስገርም ይሆናል፦ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ አንስቶ፣ በደርግም ጊዜ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ስለ ትውልድ አካባቢያቸው ነበር። ክረምት ላይ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ሲዳሞ፣ ወደ ጋሞ ጎፋ ይወርዱና ሽማግሌ ይጠይቃሉ፤ ስለ መሬት ሥሪቱ፣ ስለ ገባሩ፣ ስለ ነፍጠኛው፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ባላባቱ ጠብ። በታይፕ የተመታው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይገባል፦ የመረጃ አቀባዩ ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቀበት ቦታና ቀን። አንዳንዶቹ ጽሑፎች ደካማ ናቸው፤ ተማሪው የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው፣ የአጎቱን ቃል ያለ ማመሳከሪያ የሚቀበልም አይጠፋም። ሠንጠረዡ ግን ዋጋው አይተመንም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የተወለዱ ሰዎች የሰጡት ቃል እነማን እንደተናገሩት ተለይቶ የተቀመጠበት ሌላ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ እንኳ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙ ቀድቷል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት መሐመድ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የኦሮሞ ታሪክም የጊቤን መንግሥታት ከባህል መዘርዝር አውጥቶ ወደ ፖለቲካ ታሪክ አስገብቷል።

ስለዚህ «ስድስት ኪሎ ደቡቡን አያውቅም» የሚለው ክስ ለታተሙት ትልልቅ መጻሕፍት ይሠራል፤ ለመደርደሪያው አይሠራም። እውነተኛው ጥፋት መደርደሪያው ሕዝብ ዘንድ አለመድረሱ ነው። ስለ አንድ ወረዳ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ወረዳ ውስጥ አይገኝም። የተጠያቂው የልጅ ልጅ አያቱ የተናገሩትን ለማንበብ አዲስ አበባ መምጣት አለበት፤ መኖሩን ካወቀ።

በሙዚየሙ ላይ የሚነሣውም ክርክር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፦ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት ወዲያ። አንዳንዶች ይህ አቀማመጥ ሁሉንም በአንድ ቋት ከትቶ የገዢና የተገዢን ታሪክ ይሸፍናል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ አገሪቱን በአጥር ከመከፋፈል ያድናል ብለው ያመሰግኑታል። ለጎብኚ አቀማመጡ ብልህ ነው፤ እናት ልጇን እንዴት እንደምታዝል ከአፋር እስከ ጋምቤላ ባንድ ዓይን ያያል። ለተመራማሪ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዕቃው ከየት ቀበሌ፣ በማን እጅ፣ መቼ፣ በግዢ ወይስ በስጦታ መጣ? ይህ ከተጻፈ አቀማመጡ የፈለገውን ይሁን፤ ካልተጻፈ በብሔረሰብ መደርደሩም አያድነውም።

አዋሽ የክልል ድንበር አያውቅም

«እንግዲያው እያንዳንዱ ክልል ራሱን ያጥና» የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ሽማግሌውን የሚቀርብ፣ መንገዱን የለመደ ሰው ያጥና ማለት ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር ሐረር ናት። አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የከተማዋ ተወላጅ በግል ጥረታቸው የሐረርን ብራናዎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና የዜማ ቅጂዎች ሰብስበው ሙዚየም አቁመዋል፤ የተጎዱ መጻሕፍትን በባህላዊው መንገድ መጠረዝም ተያይዘዋል። ኮንሶም እንዲሁ፦ ዋካ የተባሉት የመቃብር ሐውልቶች እየተሰረቁ ሲሸጡ ከቆዩ በኋላ የተረፉት ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም ተሰብስበዋል። እነዚህን ከአዲስ አበባ የሚሄድ ኮሚቴ አያድናቸውም ነበር። የአካባቢ ማዕከል አያስፈልግም የሚል ሰው ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች መልስ የለውም።

ችግሩ የሚመጣው ማዕከሉ የጥናቱን ወሰን ከአስተዳደር ካርታ ሲቀዳ ነው። አዋሽን እንውሰድ። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ከግድቡ በታች ወንጂ ላይ የአንድ የሆላንድ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካ ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር፤ ኋላም መተሐራ ላይ ደገመ። መተሐራ የከረዩ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበረ፤ በዚያው አሥርት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተጨምሮ ከረዩዎችን ከሁለት ወገን ጨመቃቸው። ወረድ ሲል፣ አፋር ምድር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የመስኖ እርሻውን ይመራ ጀመር፤ ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቸል ኮትስ ከመንግሥት ጋር ተሻርኮ ጥጥ ዘራ።

ለአፋር አርብቶ አደር የወንዙ ዳር በበጋ መመለሻው ነው። ዝናብ ሲኖር ከብቱን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሲደርቅ ውኃ ተኝቶበት ሣር ወዳበቀለው የወንዝ ዳር ይወርዳል። እርሻው የያዘው ይህንኑ ዳር ነበር። ስፋቱ ከጠቅላላው የአፋር ምድር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ያለዚያች ትንሽ መሬት ሰፊው ሜዳ ዋጋ የለውም። ዝናብ በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ሲጠፋ የሚወረድበት ቦታ ታጣ፤ ከብቱ አለቀ። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የአፋርን ጉዳይ ለይቶ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው የረሃብተኛውን ፎቶ አንሥተው በግቢው ውስጥ ያሳዩትም በዚያው በ1965 ዓ.ም. ነው። የአገር ጥናት የመንግሥትን ዝምታ የሚሰብርበት ጊዜ እንዳለ ያኔ ታይቷል።

ይህን ታሪክ ሰመራ ያለ ማዕከል ብቻውን ቢጽፈው ከላይ ግድቡ ላይ የሆነውን አያገኝም። ኦሮሚያ ውስጥ ያለ ማዕከል ብቻውን ቢጽፈው የከረዩን መፈናቀል ይዞ የአፋሩን ይተዋል። ሁለቱም በቅንነት ቢሠሩ እንኳ ውጤቱ ሁለት የተበዳይነት ታሪክ ነው፤ እያንዳንዱም ጎረቤቱን ጥፋተኛ ወደማድረግ ያዘነብላል። ምክንያቱም በየሰነዳቸው ውስጥ የሚታየው ውኃና ሣር ፍለጋ የመጣው ጎረቤት እንጂ ኩባንያውና ባለሥልጣኑ አይደሉም።

በሌላ አገር መሬቱን ተከትለው ወሰን ያበጁ ማዕከላት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የታላላቅ ሜዳዎች ጥናት ማዕከል በነብራስካ ግዛት አልታጠረም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያው ሜዳውን ከቴክሳስ እስከ ካናዳ ድረስ ተከትሎታል። ደሃ ማዕከል አይደለምና እኩል አይነጻጸርም። ወሰን የመምረጡ ጉዳይ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥናቱን ያዘዘው ማን ነው?

የውጭ ሰው እጅ ያሰጋል የሚሉትም፣ የአካባቢ ሰው እጅ ያሰጋል የሚሉትም አንድ የቅርብ ምሳሌ ይዘነጋሉ። በ1975 ዓ.ም. ደርግ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ባለሙያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቁዎች። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሕዝብ አሰፋፈርና ስለ ኢኮኖሚ ብዙ መረጃ ተሰበሰበ። ግን ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት መልሱ የሚያገለግለው ጌታ ታውቆ ነበር፦ ለሚመጣው ሕገ መንግሥትና ለአስተዳደር አከላለል። በ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ሪፐብሊኩ ታወጀ፤ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን ራስ ገዝ ተባሉ። የዚያ ሁሉ የመስክ ሥራ ውጤት ለተራ አንባቢ የደረሰው በጥቂቱ ነው። የሽግግሩ ዘመን የክልል ካርታ ሲነደፍም የዚሁ ኢንስቲትዩት መረጃ እንዳገለገለ የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለት ተቃራኒ መንግሥታት ሕዝቡ ያላነበበውን ሰነድ ተጠቅመው አገር ከለሉ ማለት ነው። ካርታውን የሚደግፍም የሚቃወምም ወገን ዛሬ እርስ በርስ የሚሟገተው ማስረጃውን ሳይዝ ነው።

እዚህ ላይ ፈረንጅ የለም፤ የሰሜን የደቡብ ጉዳይም አይደለም። ጉድለቱ ለጥናቱ የከፈለው አካል የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አንባቢ መሆኑ ነው። የክልል ማዕከላትን የሚያሰጋቸውም ይኸው ነው። የዞን አስተዳደር ለበዓል የሚሆን የታሪክ መጽሐፍ ያዝዛል፤ ዩኒቨርሲቲው በጀት ይፈልጋል፤ መጽሐፉ ለምረቃው ቀን ይደርሳል። የሽማግሌዎቹ ቃል የተቀዳበት ቅጂ ግን አንዱ መምህር ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀርና መምህሩ ሲዛወር አብሮ ይሄዳል። ለጎረቤት ዞን ወገን የሚመች ቃል የሰጠ ሽማግሌ ካለ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም፤ ቅጂው ከሌለ እንዳልተናገረ ይቆጠራል። ስድስት ኪሎም ከዚህ ነጻ አይደለም። የተሟላ የይዘት ማውጫ ለሕዝብ ካልቀረበ ክምችቱ ለሚያውቁት ብቻ የተከፈተ በር ነው፤ ወረቀት ደግሞ አቧራና እርጥበት እየበላው ብዙ አይቆይም።

መፍትሔው ማዕከላቱን ማዋሐድም መዝጋትም አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ማንኛውም የመስክ ጥናት ድምፁ፣ ፎቶውና የመረጃ አቀባዮቹ ሠንጠረዥ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ገቢ መደረግ አለበት፤ አንዱ ቅጂ ጥናቱ በተካሄደበት አካባቢ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ስድስት ኪሎ፣ ሦስተኛው ወንዙን ወይም ግጦሹን በሚጋራው ጎረቤት ዘንድ። ቃላቸው ዛሬ ጉዳት ሊያስከትልባቸው የሚችል ሰዎች ካሉ ስማቸው ለተወሰነ ዘመን ሊሸሸግ ይችላል፤ ይህ በዓለም የተለመደ የመዛግብት ሕግ ነው። የድሮዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎችም በስካን ተነሥተው ወደየወረዳቸው ሊመለሱ ይገባል፤ ይህን ለመሥራት አዲስ ሕንፃም አዲስ ባለሥልጣንም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሰመራው ተመራማሪ የመተሐራን ሰነድ ለማየት፣ የመተሐራውም የተንዳሆን ለማየት፣ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መዞሩ የሚያበቃበት አሠራር ነው፤ ያን አሠራር ደግሞ የሁለቱ አካባቢ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባን ሳይጠብቁ ሊፈራረሙ ይችላሉ።